ተቀጣጣይ ፈሳሽ በሥራ ቦታ፦ ከበርሜሉ መክፈቻ እስከ ባዶው ቆርቆሮ

ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ የአሴቶን በርሜል ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ እስከተቀመጠ ድረስ ራሱን ችሎ እሳት አያስነሳም። ችግሩ የሚመጣው ክዳኑ ሲነሳ ነው፦ ሲቀዳ፣ ሲደባለቅ፣ ዕቃ ሲታጠብበት፣ ሳይታሰብ ሲደፋ። ብዙ የሥራ ቦታዎች ለመጋዘኑ ቁልፍና ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ያዘጋጁና ሠራተኛው በየቀኑ የሚቀዳበትን ጥግ ይረሱታል። ጊዜና ገንዘብ አጥሮ አንዱን ማስቀደም ግድ ከሆነ መቅጃውን አስቀድሙ። እዚህም ሰፊውን ቦታ የሰጠነው ለዚያው ነው።

የሚነደው ምኑ ነው?

የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ከላዩ ተነስቶ ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ነው። የእነዚህ ፈሳሾች ትነት ከአየር ይከብዳል፤ የአሴቶን 2 እጥፍ፣ የቶሉይን 3 እጥፍ፣ የቤንዚን ከ3 እስከ 4 እጥፍ ገደማ። ስለዚህ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ ወለል ለወለል ይሳባል፣ ደረጃ ይወርዳል፣ በጉድጓድና በፍሳሽ መውረጃ ውስጥ ይተኛል። ብዙ ሜትር ርቆ ያለ ምድጃ ወይም ብየዳ ካገኘ በዚያው በመጣበት መንገድ እሳቱን ይዞ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። «እሳቱ እኮ ሌላ ክፍል ነው ያለው» ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

መጠኑም ያሳስታል። 1 ሊትር ቶሉይን ሙሉ በሙሉ ሲተን 225 ሊትር ገደማ ትነት ይወጣዋል። ቶሉይን ለመቀጣጠል ከአየሩ 1.1 በመቶ ያህል ብቻ መያዝ ይበቃዋል። ስሌቱ ሲሠራ አንድ ሊትር ፈሳሽ 20 ሜትር ኩብ አየር፣ ማለትም አንዲት ጠባብ ክፍል ሙሉ፣ ተቀጣጣይ ማድረግ ይችላል ማለት ነው። በእውነቱ ደግሞ ትነቱ ክፍሉን እኩል አይሞላም፤ ወለሉ አካባቢ ስለሚከማች ከዚያ በጣም ያነሰ መጠንም ከጉልበት በታች ያለውን አየር አደገኛ ያደርገዋል።

አንድ ፈሳሽ በስንት ዲግሪ ሙቀት የሚቀጣጠል ትነት መስጠት እንደሚጀምር የሚነግረው ቁጥር ፍላሽ ፖይንት ይባላል። የቤንዚን ከዜሮ በታች 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ የአሴቶን ከዜሮ በታች 20፣ የቶሉይን 4፣ የአይሶፕሮፒል አልኮል 12፣ የኢታኖል 13፣ የዛይሊን 27 ገደማ፤ የናፍጣ ከ52 በላይ። በሌላ አነጋገር፣ ከዛይሊንና ከናፍጣ በስተቀር የጠቀስናቸው ሁሉ በተራ የክፍል ሙቀት ክብሪት የሚጠብቁ ናቸው። ዛይሊንም ሞቃት ቀን ላይ ይቀላቀላቸዋል። ቲነር የሚባለው አንድ ኬሚካል ሳይሆን ድብልቅ በመሆኑ ቁጥሩ ከአምራች አምራች ይለያያል። ከምርቱ ጋር የሚመጣው የደህንነት መረጃ ሰነድ 16 ክፍሎች አሉት፤ ፍላሽ ፖይንቱን ክፍል 9 ላይ፣ አያያዙን ክፍል 7 ላይ፣ የእሳት ማጥፊያውን ዓይነት ክፍል 5 ላይ፣ አብሮት መቀመጥ የሌለበትን ክፍል 10 ላይ ታገኛላችሁ። ሰነዱ ሳይመጣ ዕቃው ወደ ግቢ እንዳይገባ አድርጉ።

ፍላሽ ፖይንቱ ከፍ ያለ ፈሳሽ ግን ሁልጊዜ የዋህ አይደለም። ናፍጣ በርጭት መልክ ከወጣ ወይም ጨርቅ ከነከረ ከቁጥሩ በታች ባለ ሙቀትም ይቀጣጠላል። ቤንዚን በነበረበት ዕቃ ውስጥ ናፍጣ ከተገለበጠ፣ የቀረችው ጥቂት ቤንዚን የድብልቁን ፍላሽ ፖይንት ክፉኛ ታወርደዋለች። በተቃራኒው ብልጭታ ጨርሶ የማያስፈልጋቸውም አሉ፦ ካርቦን ዳይሰልፋይድ 90 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ ነገር ብቻ በቂው ነው፤ ለዚህ የእንፋሎት ቧንቧም ይበቃል።

ሲቀዳ

ፈሳሽ በቱቦ፣ በፈነል ወይም በወንፊት ውስጥ ሲያልፍ ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይሰበስባል። ቻርጁ መውጫ ካጣ በርሜሉና መቀበያው ዕቃ መካከል፣ ወይም በዕቃውና በሠራተኛው እጅ መካከል ብልጭ ይላል። የአብዛኞቹን የነዳጅና የሶልቨንት (እንደ አሴቶንና ቶሉይን ያለ ማሟሚያ ፈሳሽ) ትነቶች ለማቀጣጠል 0.2 ሚሊጁል አካባቢ ይበቃል። የሹራብ ማውለቅ ወይም በምንጣፍ ላይ መራመድ በሰው አካል ላይ የሚያከማቸው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጣታችሁ ላይ የተሰማችሁ ንዝረት ለማቀጣጠል ከሚበቃው በላይ ነው።

ቶሉይን፣ ሄክሴን፣ ቤንዚን፣ ኬሮሲንና ናፍጣ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፉ ቻርጁን ይዘው ይቆያሉ። አልኮልና አሴቶን ያስተላልፋሉ፤ ነገር ግን ይህ የሚጠቅመው ዕቃው ራሱ ከመሬት ጋር የተያያዘ ከሆነ ነው። ከመሬት ተለይቶ በጎማ ላይ የተቀመጠ የብረት ባልዲ ውስጥ ያለ አሴቶን ቻርጁን ለባልዲው ያስረክበዋል፤ ባልዲው ደግሞ መጀመሪያ ለቀረበው ሰው።

ከ200 ሊትር በርሜል ወደ ትንሽ የብረት ዕቃ ስትቀዱ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፦

1. በአካባቢው ብየዳ፣ ግራይንደር፣ ምድጃ፣ ሲጋራ፣ የሚሠራ ሞተር እንደሌለ አረጋግጡ። በአጠገቡ ያለው በር ከተዘጋ በሩን ብቻ አትመኑ፤ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት እዩ። ስልክ ከክፍሉ ውጭ ይቀመጥ።

2. አየሩ ከወለሉ በኩል መውጣት አለበት። መስኮት ብቻ መክፈት ላይኛውን አየር ይቀይረዋል እንጂ ወለሉ ላይ የተኛውን ትነት አያነሳውም። ፋን ከተጠቀማችሁ ለተቀጣጣይ ትነት ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት፤ ተራ ፋን ብልጭታውን ራሱ ይዞ ይመጣል።

3. ክዳን ከመነካቱ በፊት በርሜሉን በኬብልና በክላምፕ ከኧርዝ፣ ማለትም ቻርጁን ወደ መሬት ከሚያወርደው መስመር፣ ጋር አያይዙ። ቀጥሎ መቀበያውን ዕቃ በሌላ ኬብል ከበርሜሉ ጋር አያይዙ። ክላምፑ ቀለሙን ወይም ዝገቱን በስቶ ባዶ ብረት መንካት አለበት። አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ነው፦ ኬብሉ አለ፣ ክላምፑ አለ፣ ግን ቀለም ላይ ነው የተቀመጠው። ብረት ከብረት የተያያዘ መስመር የኤሌክትሪክ ተቃውሞው (ሬዚስታንሱ) ከ10 ኦም መብለጥ የለበትም። በኦም መለኪያ የሚለካው ግን በርሜሉ ተዘግቶ፣ ትነት በሌለበት ሰዓት ነው፤ ተራው መለኪያ ራሱ ብልጭታ ሊሰጥ ይችላል።

4. ቆሞ ካለ በርሜል በእጅ ፓምፕ ሳቡ፤ ከተጋደመ በርሜል ደግሞ እጅ ሲለቀው በራሱ በሚዘጋ የብረት ቧንቧ ቅዱ። አየር ማስገቢያው ይከፈት፤ ካልተከፈተ ፈሳሹ እየተቆራረጠና እየተረጨ ይወርዳል፣ በርሜሉም ወደ ውስጥ ሊጨማደድ ይችላል። በኮምፕሬሰር አየር ነፍቶ ማስወጣት ፈጽሞ አይሞከር። በርሜል ግፊት ለመቋቋም የተሠራ ዕቃ አይደለም፤ ስፌቱ ሲለቅ ይዘቱን ሁሉ በሠራተኛው ላይ ይረጨዋል።

5. የቱቦው ጫፍ ወደ ዕቃው ታች፣ ከወለሉ 15 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ከፍታ ላይ ይድረስ። ከላይ መውደቅና መርጨት ቻርጅም ትነትም ያበዛል። ጫፉ በፈሳሹ እስኪዋጥ ድረስ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1 ሜትር አይለፍ። በ25 ሚሊሜትር ቱቦ ይህ በደቂቃ 30 ሊትር ገደማ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ዕቃ ከ40 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከሞላ ቸኩላችኋል።

6. እስከ አፉ አትሙሉ። 5 በመቶ ያህል ባዶ ተዉ። አሴቶን ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ሲሞቅ ከ4 በመቶ በላይ ይሰፋል፤ ሙሉ ዕቃ ደግሞ በክዳኑ በኩል ያለቅሳል ወይም ስፌቱን ይከፍታል።

7. ሁለቱንም ክዳኖች ዝጉ፣ ከዚያ ብቻ ክላምፑን ፍቱ። ክዳኑ ሳይዘጋ ክላምፕ መንቀል ብልጭታውን ልክ ትነቱ ባለበት አፍ ላይ መፍጠር ነው።

ፕላስቲክ ዕቃ በክላምፕ ኧርዝ አይደረግም፤ ኬብሉን ብታያይዙትም ፕላስቲኩ ቻርጁን አያሳልፍም። እንዲያውም በፕላስቲክ ጀሪካን አፍ ላይ የሚቀመጥ የብረት ፈነል ከመሬት የተለየ ብረት ሆኖ ቻርጁን ሁሉ ይሰበስባል፤ ከሁሉም የከፋው ቅንጅት ይህ ነው። ፈነሉ የግድ ከሆነ እሱንም በኬብል አያይዙት። ጀሪካን መኪና ላይ እንዳለ ቤንዚን አይቀዳበትም፤ በተለይ የመኪናው ጭነት ቦታ የፕላስቲክ ምንጣፍ ካለው። አውርዳችሁ መሬት ላይ አስቀምጡ፣ የመቅጃው ብረት ጫፍ የጀሪካኑን አፍ እንደነካ ቀስ ብላችሁ ሙሉ። ለቶሉይን፣ ለሄክሴንና ለመሰሎቻቸው ግን ምክራችን ግልጽ ነው፦ የብረት ዕቃ ተጠቀሙ።

ለሥራ ጠረጴዛ የሚሆነው ዕቃ በስፕሪንግ የሚዘጋ ክዳንና አፉ ላይ የብረት ወንፊት ያለው፣ እስከ 19 ሊትር የሚይዘው ቆርቆሮ ነው። ወንፊቱ የነበልባሉን ሙቀት ስለሚወስድ እሳት ከውጭ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ያግዳል። ሠራተኞች «ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው» እያሉ ይነቅሉታል። ወንፊቱ የተነቀለ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም የተቀባ ባልዲ ነው፤ ከሥራ ይውጣ።

ልብስን በተመለከተ፦ ጥጥ ልበሱ፤ ናይሎንና ፖሊስተር ቻርጅ ይሰበስባሉ፣ ሲቃጠሉም ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። ጓንት ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙዎች የሚያደርጉት ስስ የናይትራይል ጓንት ለሄክሴን ጥሩ ሆኖ ሳለ አሴቶን በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል፤ ለአሴቶን ቡታይል ጎማ ነው የሚሻለው። ጓንቱ ውስጥ እጃችሁ ከቀዘቀዘ ፈሳሹ ገብቷል፤ አውልቁት። በአፍንጫም አትተማመኑ፤ ሽታው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የጠፋ የሚመስለው ትነቱ ስለቀነሰ ሳይሆን አፍንጫ ስለለመደው ነው።

ማስቀመጫው

በሥራ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠው የቀኑ ፍጆታ ብቻ ይሁን፤ የተረፈው ማታ ይመለስ። የብሪታንያ የሥራ ደህንነት መመሪያ በሥራ ክፍል ውስጥ፣ በካቢኔት፣ በቀላሉ ለሚቀጣጠሉ ፈሳሾች 50 ሊትርን እንደ ጣሪያ ያስቀምጣል፤ የአሜሪካው ሕግ ደግሞ በአንድ ካቢኔት ውስጥ ፍላሽ ፖይንታቸው እስከ 60 ዲግሪ የሆኑትን እስከ 60 ጋሎን፣ 227 ሊትር ገደማ፣ ይፈቅዳል። የአገራችሁ ሕግ ከዚህ ካነሰ እሱን ተከተሉ። ትንሹን ቁጥር መምረጥ የሚያስጸጽት አይደለም።

ካቢኔቱ ተራ ቁም ሳጥን አይደለም። ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ ድርብ ብረት ሆኖ በመካከሉ 38 ሚሊሜትር የአየር ክፍተት አለው፤ በሩ በሦስት ቦታ ይቆለፋል፤ ደፉ ከወለሉ 50 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ የፈሰሰውን ይይዛል። ሥራውም እሳትን ለዘላለም መከላከል ሳይሆን ሰው እስኪወጣ ለ10 ደቂቃ ያህል ውስጡ ከመጠን በላይ እንዳይሞቅ ማድረግ ነው። በሩን በእንጨት ደግፎ ክፍት መተው፣ ጎኑን በድሪል መብሳት፣ ላዩ ላይ ካርቶን መከመር ይህንን ጊዜ ይበላዋል።

ለበርሜሎች የሚሆን ክፍል ከመውጫ በርና ከደረጃ ይራቅ፤ ምድር ቤትም አይሁን። አየሩ በሰዓት 6 ጊዜ መቀየር አለበት፣ የአየር መሳቢያው አፍም ከወለሉ ከ30 ሴንቲሜትር አይበልጥም። መብራቱ ለፈንጂ ትነት የተሠራ ይሁን፤ ማብሪያ ማጥፊያው ከውጭ። በርሜሎቹ የሚቀመጡበት ገንዳ ከትልቁ በርሜል ይዘት 110 በመቶ መያዝ ይችል። የፍሳሽ መውረጃ ካለበት ይደፈን፤ ወደ መውረጃ የገባ ሶልቨንት ችግሩን ከእናንተ ግቢ ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ነው የሚያሻግረው።

አብሮ የማይቀመጠውን መለየት እንደ ቁልፉ አስፈላጊ ነው። ናይትሪክ አሲድ፣ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፣ ክሎሬትና ፐርማንጋኔት ኦክስጅን ሰጪ ናቸው፤ ከተቀጣጣይ ፈሳሽ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቁ ወይም እሳት የማያሳልፍ ግድግዳ ይለያቸው። ናይትሪክ አሲድና አሴቶን በአንድ የቆሻሻ ጠርሙስ ውስጥ ሲገናኙ ክብሪት አያስፈልግም። የኦክስጅን ሲሊንደርም እዚህ ክፍል ቦታ የለውም።

ተራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ኢተር ወይም ሌላ ተቀጣጣይ አታስቀምጡ። ውስጡ ያሉት የሙቀት መቆጣጠሪያና የመብራት ማብሪያ በየጊዜው ብልጭ ይላሉ፣ ሳጥኑ ደግሞ ትነቱን አፍኖ ይይዛል። የኢተር ፍላሽ ፖይንት ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ስለሆነ ቅዝቃዜው አያድነውም። ኢተርና ቴትራሃይድሮፉራን ከዚህ ሌላ፣ ከተከፈቱ በኋላ ከአየር ጋር እየተዋሃዱ የሚፈነዳ ፐሮክሳይድ ይሠራሉ። የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ፤ ሰነዱ የሚለው ጊዜ ሲያልፍ ይመርመር ወይም ይወገድ። ክዳኑ ላይ ወይም ታቹ ላይ ክሪስታል ከታየ አትክፈቱት፣ አታንቀሳቅሱት፤ ክፍሉን ዘግታችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ባዶው

ከሙሉ በርሜል ይልቅ ባዶው የሚፈራው ሙሉው ለትነት ቦታ ስለሌለው ነው። በ200 ሊትር በርሜል ውስጥ የቀረ 11 ሚሊ ሊትር ቶሉይን፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ያነሰ ሙጣጭ፣ ሲተን በርሜሉን ሙሉ ለመፈንዳት ያደርሰዋል። ገልብጣችሁ ስታንጠባጥቡት የማይታይ ሙጣጭ በስፌቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ያገለገለ በርሜል ለውኃ ማጠራቀሚያ፣ ለምድጃ ወይም ለመቆሚያ ተብሎ በብየዳ፣ በኦክስጅን ወይም በግራይንደር አይቆረጥ። አንድ ጊዜ በውኃ አለቅልቆ «ጸድቷል» ማለት አይበቃም፤ ሙቀቱ ግድግዳው ላይ የደረቀውን ቀሪም መልሶ ያተነዋል። ክዳኑን ገጥማችሁ ጽሑፉን ሳትፍቁ ለሻጩ ወይም በሙያው ለሚያጸዳ መልሱት።

በሶልቨንት የራሰ ጨርቅ እጅ ሳይነካው በሚዘጋ የብረት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይግባ፣ ማታ ማታም ይነሳ። የተልባ ዘይት ወይም ዘይት ያለበት የእንጨት ቫርኒሽ የነካው ጨርቅ ደግሞ የተለየ ጠባይ አለው፦ ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሃድ ይሞቃል፤ ተጠቅልሎ ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ በራሱ ይነዳል። ውኃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት፤ ወይም ከቤት ውጭ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ እስኪደርቅ ተዉት።

ሲፈስና እሳት ሲነሳ

ሲፈስ መጀመሪያ የሚመጣው ስሜት መብራት ማብራት ወይም ፋን ማስነሳት ነው። አትንኩ። በርቶ ያለውንም አታጥፉ፤ ማብሪያ ማጥፊያ ሲጠፋም ብልጭ ይላል። የፈሰሰው ትንሽ ከሆነና ትነቱ ካልበዛ ዙሪያውን በደረቅ አሸዋ ወይም በቨርሚኩላይት (ፈሳሽ የሚመጥ ማዕድን) አጥራችሁ ወደ መሃል ሰብስቡ፣ በፕላስቲክ አካፋ አንስታችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አድርጉ። ሰጋቱራ አትጠቀሙ፤ ራሱ ማገዶ ነው። ከባልዲ በላይ ከሆነ ሰው ሁሉ ይውጣ፣ ኤሌክትሪኩ ከሕንፃው ውጭ ካለው ዋና መቁረጫ ይጥፋ፣ እሳት አደጋ ይጠራ።

ቤንዚን ልብሱ ላይ የፈሰሰበት ሰው ወዲያው አያውልቅ፤ ሲያወልቅ የሚፈጠረው ብልጭታ ራሱን ያቀጣጥለዋል። መጀመሪያ ልብሱ በብዙ ውኃ ይራስ፣ ከዚያ ይውለቅ። ዓይን ውስጥ ከገባ 15 ደቂቃ ሙሉ በሚወርድ ውኃ ይታጠብ።

የእሳት ማጥፊያው ከማከማቻው በር ውጭ፣ ከ3 እስከ 7.5 ሜትር ርቀት ላይ ይሰቀል፤ ውስጥ የተሰቀለውን ለማምጣት እሳቱ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ደረቅ ዱቄት፣ ፎም ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው ይሁን። የውኃ ቱቦ እሳቱን ተሸክሞ ወለሉን ሁሉ ያዳርሰዋል። ለአልኮልና ለአሴቶን ተራ ፎም አይሆንም፤ ውኃውን ከአረፋው መጥጠው ያፈርሱታል። አልኮል የሚቋቋመውን ፎም ወይም ዱቄት ያዙ። ከ2 እስከ 3 ሜትር ቆማችሁ፣ መውጫው ከጀርባችሁ ሆኖ፣ ወደ ነበልባሉ ሥር ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ ልቀቁ፤ ፎሙን ግን ፈሳሹ ውስጥ አትውጉት፣ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ነክቶ ይንሸራተት። የእጅ ማጥፊያ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ገደማ ብቻ ይሠራል። በዚያ ጊዜ ካልጠፋ ሁለተኛ አትፈልጉ፤ በሩን ዝጉና ውጡ።

የሚነድ ዕቃ አንስቶ ወደ ውጭ መሮጥ ለሥራ ባልደረቦች ከሚታሰብ ደግነት የሚመጣ ስህተት ነው፤ ፈሳሹ በተሸካሚው ልብስ ላይ ይፈስሳል፣ የሮጠበትም መንገድ ሁሉ ይያያዛል። ትንሽ ዕቃ ከሆነ ክዳኑን ከጎን አንሸራታችሁ ግጠሙበት። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ይንከባለል ወይም በወፍራም የጥጥ ጨርቅ ይጠቅለል። ቃጠሎውን ለ20 ደቂቃ በቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ አቀዝቅዙ፤ ቅባትም በረዶም አታድርጉበት፣ ቆዳው ላይ የተጣበቀ ልብስም አትላጡ።